መምህርህን ጥቀስ፣ ከዚያም ሞግተው

እስኪ አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ግለጡ። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ፣ የምርምር ዘዴ መጽሐፉ ኮታሪ 2004 ተጎልቶ ታገኙታላችሁ። ከጎኑ የናሙና ቀመሩ ያማኔ 1967። የሚጠናው ሕዝብ ብዛት ሰፋ ካለ ቀመሩ በተለመደው የስህተት መጠን የሚሰጠው ናሙና ወደ 400 እንደሚጠጋ ተማሪው ሳያሰላ ያውቀዋል። ያስተማረው መምህር ስምስ የት አለ? ምስጋና ገጽ ላይ! ከእግዚአብሔርና ከእናቱ ቀጥሎ።

«የራስን መምህር መጥቀስ ማሽቃበጥ ነው» ይሉናል። አይ ጨዋነት! ሰውዬውን «የማይሰለቹት አማካሪዬ» ብሎ መካብ ማሽቃበጥ አልሆነም፤ ጥናታቸውን አንብቦ መመርመር ግን ሆነ? መጥቀስ ሙገሳ ነው ያለው ማነው? «እዚህ ላይ ተሳስተዋል» ለማለትም እኮ መጥቀስ ግድ ነው።

«የአገር ውስጥ ጥናት ጥራት የለውም» የሚለውስ? ሳያነቡ በምን አወቁ? ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያዛምተውን ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር በእጃችን እንደነበረ አሳዩ። የውጭ ባለሙያዎች ግን አፍሪካ ውስጥ የተገኘን ውጤት ለማመን ዓመታት ተግደረደሩ። በዚያ ንቀት ዛሬም እንበግናለን። ተቋም በስማቸው ሰይመናል። ንቀቱን ግን ወርሰን በገዛ መምህሮቻችን ላይ እንሠራበታለን!

እንናገረው እንጂ። ጥናቱ ሳይነበብ የሚታለፍበት ዝምታ የሚመቸው ለራሱ ለመምህሩ ነው። ጽሑፍ ያሳትማል፣ ተባባሪ ፕሮፌሰር ይባላል፣ ክፍል የሚገባው ግን ያንኑ አሮጌ ስላይድ ይዞ ነው። ጽሑፉን ለምን አያመጣውም? ገንዘብ ከፍሎ ያሳተመው ተማሪ ፊት ቢዘረገፍ ምን ሊወጣው ነው? ያልተነበበ አይጠየቅማ! ይኸው ሰው የመመረቂያ ጽሑፍ ዲፌንስ ላይ ተቀምጦ «የአገር ውስጥ ጥናት ለምን አላካተትክም?» እያለ ተማሪውን ያፋጥጣል። ሃፍረት የሚባል ነገር የለም?

«ጥቀሰኝ» ብሎ በውጤት የሚያስፈራራም አለ። እሱ ጉቦ ጠያቂ ነው፣ እንደ ጉቦ ጠያቂ ይቀጣ። በእሱ ሰበብ ግን ማንበብ አይከልከል።

ተማሪ ሆይ፣ አማካሪህን «ጽሑፍዎን ይስጡኝ» በላቸው። ከረባ ጥቀሰው። ካልረባ ገጹን ጠቅሰህ አፍርሰው። ትምህርት ክፍሎችም የመምህር የዕድገት ፋይል ሲያዩ አንዲት ጥያቄ ይጨምሩ፦ ይህን ጥናት የትኛው ተማሪህ አንብቦ ሞገተህ? መልስ የሌለው መምህር ማዕረጉን የሚያገኘው በምኑ ነው?