«አንብብ» ማለት መልስ ነውን?

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ከቀትር በፊት፥ ሊኑክስ የተባለውን የኮምፒዩተር ሥርዓት ለፈለገ ሰው ሁሉ በነጻ የምንጭንበት ቀን አዘጋጅተን ነበር። በየግድግዳው በለጠፍነው ማስታወቂያ ላይ «ማንኛውም ሰው መምጣት ይችላል» የሚል ቃል በጉልህ ጽፈናል። ከመጡት እንግዶች መካከል በጸሐፊነት ሥራ ብዙ ዘመን የቆዩ አንዲት ሴት ይገኙበታል። ላፕቶፓቸውን በፌስታል ጠቅልለው፥ ከደሴ በሚኒባስ ሐረጎን ወርደው ነበር የመጡት። ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚመላለሰው ቫይረስ ደብዳቤዎቻቸውን ሁለት ጊዜ ስላጠፋባቸው፥ ሊኑክስ ከዚህ ጣጣ ያሳርፋል ሲባል ሰምተው ተስፋ አድርገው ነው።

መጫኑ አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ሴትዮዋም ተደስተው፥ አስቀድመን በፍላሽ ያስቀመጥንላቸውን ደብዳቤዎች መክፈት ጀመሩ። ዳሩ ግን በአማርኛው ፈንታ ትርጉም የሌላቸው የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ተደርድረው ታዩ። «ፊደሌ የት ሄደ?» ብለው ጠየቁ። ከእኛ አንዱ፥ «ስሕተቱ ከሊኑክስ አይደለም፤ ፋይልዎ ዩኒኮድ ስላልሆነ ነው» አላቸው። እሺ፥ ታዲያ አዲስ ደብዳቤ በአማርኛ እንዴት ይጻፋል ሲሉ፥ «ማኑዋሉን ያንብቡ፤ ሁሉም ተጽፏል» ተባሉ። ማኑዋሉ በእንግሊዝኛ ነው። ሦስተኛውን ጥያቄ ሲጠይቁ ከወደ ኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሌላውም፥ «ይህን ሳያውቁ ሊኑክስ ምን ያደርግልዎታል?» አለ። ሴትዮዋ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ የቀድሞው ዊንዶውስ እንዲመለስላቸው ለመኑን። እንደ ልማዱ ያለ ፈቃድ የተገለበጠ ዊንዶውስ ተጫነላቸው። «እግዜር ይስጥልኝ ልጆቼ» ብለውን ሄዱ።

ይህን የምንጽፈው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። የዚህ ጋዜጣ አዘጋጆች በዚያ ክፍል ውስጥ ነበርን። አልሳቅንም፤ ነገር ግን አፋችንን ከፍተን አንድ ቃል አልተናገርንም።

ለመሆኑ የተሰጣቸው መልስ ሐሰት ነበርን? አልነበረም። በየመሥሪያ ቤቱ ሲሠራባቸው የኖሩት እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ያሉት የቆዩ የአማርኛ መጻፊያዎች፥ የእኛን ፊደል ያስቀመጡት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነው። ይህም በባለሙያዎቹ ስንፍና የመጣ አይደለም፤ በዚያን ጊዜ ለግዕዝ ፊደል በዓለም የታወቀ ቦታ ስላልነበረው ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው በሦስተኛው እትም ነው። እንግዲህ አንድ ደብዳቤ በአሮጌው ዘዴ የተጻፈ እንደ ሆነ፥ ያው ፎንት በሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት የሚታየው የሥሩ ላቲን ነው። ስለዚህ ወንድማችን የተናገረው እውነት ነው። ግን ምን ይጠቅማል? ፎንቱን ከቀድሞው ማሽን ገልብጦ በአዲሱ ላይ ማስቀመጥ፥ ቢያንስ ደብዳቤዎቹን ለማንበብ የሚያበቃ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።

በአማርኛ የመጻፉም ነገር እንዲሁ ነው። በሊኑክስ ላይ አማርኛ መጻፊያ አለ፤ በቅንብሩ ውስጥ ገብቶ ማብራት ይቻላል። አንዱ መጻፊያ «ሴራ» ይባላል። ስሙ የመጣው ፊደላችንን በላቲን ፊደል ለመወከል ከተዘጋጀ ዘዴ የእንግሊዝኛ ምኅጻር ነው እንጂ ተንኮል የለበትም፤ ቢሆንም አማርኛ አዋቂ በመጀመሪያ ሲያየው ቢጠራጠር አንፈርድበትም። የጣት አጣጣሉ ሴትዮዋ ከለመዱት ይለያል፤ ይህንንም ቁጭ ብሎ አንድ ጊዜ ማሳየት ያሻል። ሊብሬ ኦፊስ የተባለው የጽሕፈት ፕሮግራም ደግሞ ትእዛዞቹ በአማርኛ ተተርጉመው ሊታዩ ይችላሉ። ይህን ሥራ ያለ ደመወዝ የሠሩልን የአገራችን ልጆች ናቸው። ይህን ሁሉ በዚያ ክፍል ውስጥ የነበርን አብዛኞቻችን እናውቃለን። አንዳችንም አልነገርናቸውም። ስለዚህ በዚያ ቅዳሜ የጎደለው ዕውቀት አልነበረም።

ይህ ጠባይ ከእኛ የጀመረ አይደለም፤ ከውጭም አብሮ የመጣልን ነው። ነገሩ የሚያስገርመው ግን ነጻ ሶፍትዌር የተባለው እንቅስቃሴ ከተወለደበት ምክንያት አንዱ ጠይቆ መልስ መነፈግ መሆኑ ነው። ሪቻርድ ስቶልማን በአሜሪካ በኤም አይ ቲ የምርምር ክፍል ሲሠራ፥ ወረቀት እየነከሰ ያስቸገራቸውን የማተሚያ መሣሪያ ለማስተካከል የፕሮግራሙን ጽሑፍ ካለው ሰው ዘንድ ሄዶ ለመነ፤ ሰውየው ግን ላለመስጠት ፈርሜአለሁ ብሎ መለሰው። ያ እምቢታ ከልቡ አልወጣም። በ1983 እ.ኤ.አ. ማንም ሊያየው፥ ሊለውጠውና ለሌላው ሊያካፍለው የሚችል ሥርዓት እሠራለሁ ብሎ ተነሣ። በ1991 እ.ኤ.አ. ደግሞ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ፥ ገና የ21 ዓመት ወጣት ሳለ፥ የሊኑክስን እምብርት ለዓለም አቀረበ። የእኛ እኩያ ነበር ማለት ነው።

በዚያ ዘመን ሠሪውም ተጠቃሚውም አንድ ዓይነት ሰው ነው። «አልሠራልህ ካለ ራስህ አስተካክለው» የሚለው ቃል በባለሙያዎች መካከል ስድብ አልነበረም፤ እንዲያውም የመተማመን ምልክት ነው። ሸማኔ ለሸማኔ «መወርወሪያህ ቢሰበር ራስህ ጥረበው» ቢለው ማን ይቀየማል? ነውሩ ጋቢ ሊገዛ ለመጣው ሰው ይኸው ቃል የተነገረ ጊዜ ነው። የሊኑክስ ቤት ከሸማኔዎች ሠፈር ወደ ገበያ ከወጣ ብዙ ዓመት ሆነው፤ አነጋገሩ ግን በሠፈሩ ቀረ።

የቤቱ አባት ራሱ ቶርቫልድስ እንኳ በሥራ ባልደረቦቹ ላይ በሚጽፈው የስድብ ቃል ለብዙ ዓመት የታወቀ ነበር። በመስከረም 2018 እ.ኤ.አ. ግን በአደባባይ ይቅርታ ጠይቆ፥ የሰውን ስሜት መረዳት የሚማርበት ጊዜ ወስዶ ነበር፤ በዚያው ወር ሠራተኞቹ የሚተዳደሩበት አዲስ የሥነ ምግባር ደንብ ወጣ። ከዚያም በፊት በ2004 እ.ኤ.አ. የደቡብ አፍሪካው ተወላጅ ማርክ ሻትልዎርዝ ኡቡንቱን ሲያወጣ፥ ስሙን የወሰደው ሰው ሰው የሚሆነው በሌሎች ሰዎች ነው ከሚል የአፍሪካ አስተሳሰብ ነው። ዲስኩን እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ድረስ ለጠየቀ ሁሉ በፖስታ በነጻ ይልክ ነበር። በዚያ ቅዳሜ ለሴትዮዋ የጫንንላቸው ይኸንኑ ኡቡንቱን ነው። ስሙን እናውቃለን፤ ትርጉሙንም ለፈተና ብንጠየቅ እንመልሳለን።

እስቲ ወደ ራሳችን እንመለስ። ብዙዎቻችን ሊኑክስን የተማርነው በመከራ ነው። አንድ ትእዛዝ እምቢ ብሎን ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጠናል፤ የራሳችንን ፋይል በገዛ እጃችን አጥፍተን አልቅሰናል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት በቆየ ጊዜ፥ መፈለጊያ በሌለበት የምንማረው በሃርድ ዲስክ ከተገለበጠና ከእጅ ወደ እጅ ከሚዞር መጽሐፍ ነበር። ከዚህ የተነሣ መከራው ራሱ የመግቢያ ዋጋ እየመሰለን መጥቷል፤ እኛ የከፈልነውን ሌላው ሳይከፍል እንዲገባ አንወድም። ግን እውነቱን እናስታውስ። በዚያን ጊዜ ያሻገረን መጽሐፉ ብቻ ነበርን? አንድ የላይኛው ክፍል ተማሪ በእኩለ ሌሊት ከአልጋው ተነሥቶ ከጎናችን ተቀምጦ አልነበረምን?

ስለ ማኑዋሉም አንድ ነገር እንበል። በሊኑክስ ላይ የየትእዛዙ መግለጫ የሚገኘው ስሙን በመጻፍ ነው። የትእዛዙን ስም የማያውቅ ሰው ምን ብሎ ይፈልግ? ይህ ሁሉ የተጻፈው ለሚያውቅ ሰው ማስታወሻ እንዲሆን ነው፤ ለጀማሪ ግን በር ላይ የተንጠለጠለ ቁልፍ ሳይሆን ከቤቱ ውስጥ የተቆለፈበት ቁልፍ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ለመናገር ያሳፍራል እንጂ ከሁሉ የሚብሰው እርሱ ሳይሆን አይቀርም። «አንብብ» የምንለው ብዙ ጊዜ መልሱን ሳናውቀው ስንቀር ነው። ከመጀመሪያ ደረጃ ጀምሮ «አላውቅም» ያለ ተማሪ ሲሳቅበት አይተን አድገናል፤ ያልገባውን የጠየቀ ልጅ «ይህን ድሮ መማር ነበረብህ» ተብሎ ሲቀመጥ አይተናል። መምህራኖቻችን ይህን ሲያነቡ እንዳይቀየሙን እንለምናለን፤ ከእናንተ መካከል ደጋግሞ ሲጠየቅ ደጋግሞ የሚያስረዳ መኖሩን እናውቃለን። ሆኖም ያን የሰማ ልጅ ዛሬ የኮምፒዩተር ተማሪ ሆኖ፥ ከሒሳብ አያያዝ ወይም ከጨርቃ ጨርቅ ክፍል የመጣች እኅቱ ስትጠይቀው ያንኑ ቃል መልሶ ይናገረዋል።

በሌላ በኩል መልስ ሰጪው ብቻ ጥፋተኛ ነው አንልም። ያለ ክፍያ በራሱ ጊዜ የሚረዳ ሰው አንዱን ጥያቄ በሳምንት አርባ ጊዜ ሲሰማ ይሰለቻል። «እምቢ አለኝ» ብሎ ብቻ፥ በመስኮቱ ላይ ምን እንደ ተጻፈ ሳይናገር፥ አሁኑኑ ካልተሠራልኝ የሚልም አለ። ቢሆንም ሐኪም ዘንድ ሄዶ «ቆረጠኝ» ያለውን በሽተኛ፥ የበሽታህን ስም አጥርተህ ና ብሎ የሚመልስ ሐኪም አላየንም። ጠያቂው የሚያውቀው ሕመሙን ነው፤ ስሙን ማውጣት የባለሙያው ፋንታ ነው። እኛ ወሎዬዎች ቡና ፈልቶ ጎረቤት ሳይጠራ አይጠጣም እያልን በየሄድንበት እንመካለን፤ እንግዳውንም ስኒውን ከመስጠታችን በፊት ስለ ቡና አፈላል አንፈትነውም።

ይህን ነገር ዛሬ ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ቁጥሩ 11 የሆነው ተከታዩ ደግሞ አዲስ ፕሮሰሰርና ልዩ የደኅንነት ቺፕ ስለሚጠይቅ ብዙ የቆዩ ማሽኖችን በደንቡ አይቀበልም። በኮምቦልቻና በደሴ ያሉ መሥሪያ ቤቶች በ2014 ዓ.ም. መግቢያ በደረሰው ጦርነት ብዙ ንብረት አጥተዋል፤ በተረፈውና በተለገሰው አሮጌ ኮምፒዩተር የሚሠራ ቢሮም ጥቂት አይደለም። እነዚህ ማሽኖች በሊኑክስ ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግሉ ይችላሉ። ስለዚህ በደጃችን የሚቆመው ሰው ይበዛል። ያን ቀን ከደሴ የመጡት ሴት ወደ ቢሯቸው ተመልሰው «ሊኑክስ የኢንጂነሮች ነው፤ ለእኛ አይሆንም» ብለው ከሆነ፥ ያን ክፍል የሰሙ ሰዎች ሁሉ ጥገና በማይደርሰው ሥርዓት ላይ የሕዝብ ደብዳቤና መዝገብ ሲጽፉ ይኖራሉ።

ስለዚህ የሚከተለውን ለማድረግ ተስማምተናል። ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ በቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ አንድ ጠረጴዛ ይዘን እንቀመጣለን። ማንኛውንም ነገር ከመጫናችን በፊት ሰውየው በኮምፒዩተሩ ምን ሥራ እንደሚሠራ እንጠይቃለን። ለምሳሌ የሒሳብ ሠራተኛ ሆኖ ኑሮው በፒችትሪ ላይ ከሆነ፥ ያ ፕሮግራም ለዊንዶውስ የተሠራ ነውና፥ ባይለውጥ እንደሚሻለው በግልጽ እንነግረዋለን፤ ሊኑክስን የምንወደው ሰውን በማሳሳት አይደለም። በአማርኛ እናስረዳለን። የጠያቂውን ኪቦርድ አንነጥቅም፤ እጁ ይሥራ፥ እኛ አፋችን ይሥራ። የማናውቀውን አላውቅም እንላለን፥ ከዚያም አብረን እንፈልጋለን። የቆየ የአማርኛ ደብዳቤ እንዴት እንደሚከፈት፥ በአማርኛ እንዴት እንደሚጻፍ፥ ያልተስማማው ሰው ወደ ነበረበት እንዴት እንደሚመለስ የሚያስረዳ አንድ ገጽ ጽፈን አባዝተናል። የመጀመሪያውን ረቂቅ በግቢው ውስጥ ለሚሠሩ አንድ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ አስነብበናቸው ነበር፤ አሥራ አንድ ቦታ ላይ «ይኼ አልገባኝም» አሉን። አሥራ አንዱንም እንደ ገና ጻፍነው።

ከደሴ ለመጡት ሴት በሚያውቋቸው ሰው በኩል ይቅርታ ጠይቀን፥ ፈቃዳቸው ቢሆን እኛው ከቢሯቸው ድረስ ሐረጎን ወጥተን እንደምንመጣ ልከንባቸዋል። ይህ ጽሑፍ እስከ ታተመበት ቀን ድረስ መልሳቸው አልደረሰንም።