የሟች ድምፅ የማን ነው?

በዚህ እትም የምናነሣው ጉዳይ ለብዙዎቻችን የራቀ ሊመስል ይችላል፤ ስለ ራፕ ሙዚቃ ነውና። የምናነሣው ግን የሙዚቃውን ጣዕም ወይም የግጥሙን ይዘት ለመመዘን አይደለም። አንድ ራፐር ሞቶ፣ በስቱዲዮ የቀረው ድምፁ ተሰብስቦ አዲስ አልበም ሲወጣ አድናቂዎቹ ብዙውን ጊዜ ለሁለት ይከፈላሉ። አንዱ ወገን ድምፁን ደግሞ በመስማቱ ይጽናናል፤ ሌላው ወገን ደግሞ «ተዉት ይረፍ» ብሎ ይቆጣል። የክርክሩ ሥር ሙዚቃ ብቻ አይደለም፤ አደራ ነው። አደራ ደግሞ በየቤታችን ያለ ነገር ነው።

ነገሩ እንዴት ይሠራል?

በስቱዲዮ የዘፋኙ ድምፅ የሚቀዳው ከሙዚቃው ተለይቶ ነው። ስለዚህ ከዓመታት በኋላ ሌላ አቀናባሪ የፊተኛውን ሙዚቃ አውጥቶ በአዲስ ሊተካው ይችላል። ከተቀዳው ውስጥ ያለቀ ሥራ አለ፤ ለሙከራ ብቻ የተባለ፣ ግማሽ ግጥም ያለውም አለ። ዘፋኙ ሲሞት ይህ ሁሉ በወራሾቹና በአሳታሚው ኩባንያ እጅ ይቀራል። የጎደለውን ለመሙላት ሌሎች ዘፋኞች ይጋበዛሉ፤ በመጨረሻም አልበሙ በሟቹ ስም ለገበያ ይቀርባል።

ቱፓክ ሻኩር እ.ኤ.አ. በመስከረም 1996 በላስ ቬጋስ ከተማ በጥይት ተመትቶ፣ ከስድስት ቀን በኋላ በ25 ዓመቱ አረፈ። በሕይወት ሳለ በስሙ የወጡት አልበሞች አራት ነበሩ፤ ከሞተ በኋላ የወጡት ግን ከዚያ ይበልጣሉ። እናቱ አፌኒ ሻኩር የልጃቸውን ያልወጡ ሥራዎች ለማሳተም ድርጅት አቋቋሙ። ብዙ አድናቂዎች በዚህ ደስ ተሰኙ፤ እናት የልጇን ድምፅ ብትጠብቅ ማን ይቃወማል?

ቅሬታው የበረታው እ.ኤ.አ. በ2004 «ሎያል ቱ ዘ ጌም» የተባለው አልበም ሲወጣ ነው። አቀናባሪው ኤሚነም የቱፓክን ድምፅ ከአዲሱ ሙዚቃ ጋር ለማስማማት አንዳንድ ቦታ አፈጠነው፣ አንዳንድ ቦታ አዘገየው። ቃላትን ቆራርጦ በመቀጠልም ሟቹ ከእርሱ ሞት በኋላ ዝና ያገኙ ሙዚቀኞችን ስም የሚጠራ አስመሰለ። አልበሙ በአሜሪካ ገበያ አንደኛ ሆነ። ብዙ አድማጮች ግን ጥያቄ አነሡ፤ ያለውን ማሰማት አንድ ነገር ነው፣ ያላለውን ማናገር ግን ሌላ ነው አሉ።

የተመሰገነውስ ለምን ተመሰገነ?

ማክ ሚለር እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018 በ26 ዓመቱ ሲሞት «ሰርክልስ» የተባለውን አልበም ጀምሮት ነበር። አብሮት ይሠራ የነበረው ጆን ብራየን፣ በሕይወት ሳለ የተነጋገሩትን እያስታወሰ ሥራውን ፈጸመው። አልበሙ እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ከመውጣቱ በፊት ቤተሰቡ ለአድናቂዎች መልእክት ጻፈ። ጉዳዩ ከባድ መሆኑንና ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው ማለት እንደማይቻል ሳይሸሽግ ተናገረ። አብዛኛው አድናቂ አልበሙን በእንባና በምስጋና ተቀበለው። ልብ በሉ፤ ሥራውን የጀመረው ሟቹ ራሱ ነው፤ የጨረሰው ሐሳቡን ከአፉ የሰማ ሰው ነው፤ ቤተሰቡም የተደረገውን በግልጽ ነገረ።

በዚያው ዓመት በየካቲት ወር ፖፕ ስሞክ በ20 ዓመቱ ተገደለ። በሐምሌ አልበሙ ሊወጣ ሲል አድናቂዎች የሽፋኑን ሥዕል አይተው ለእርሱ ክብር የማይመጥን ነው በማለት ፊርማ አሰባሰቡ፤ ሽፋኑም ተለወጠ። በ2021 ሁለተኛ አልበም ሲወጣ ደግሞ እንግዶቹ በዝተው የሟቹ ድምፅ እንደ ጠፋ ብዙዎች አማረሩ። እነዚህ ወጣቶች የሟቹ ዘመድ አልነበሩም፤ ነገር ግን አደራ ጠባቂ እንደ ሆኑ ተሰምቷቸው ነበር።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

ወገኖች፣ ድምፅን ቆርጦ መቀጠል የስቱዲዮ ሥራ ብቻ ነውን? አባት ሲሞት ልጆች ስለ ቤቱና ስለ ንብረቱ ይነጋገራሉ። አንዱ «አባባ ቢኖር እንዲህ ይል ነበር» ይላል፤ ሌላው በዚያው በአባቱ ስም ተቃራኒውን ይናገራል። ሁለቱም አባታቸውን ይወዳሉ፤ ሁለቱም የራሳቸውን ፈቃድ በሟቹ አፍ ያናግራሉ። «እርሱ እንዲህ ብሏል» ከማለትና «እኔ እንዲህ ይሻላል ብዬ አስባለሁ» ከማለት መካከል ያለውን ልዩነት ብንጠብቅ፣ ስንት ወንድማማች ሳይለያይ በኖረ ነበር!

ደግሞም የእናቱን ድምፅ ከአሮጌ ካሴት ደጋግሞ የሚሰማ ልጅ አለ፤ በዚያው ቤት ያንን ድምፅ ሊሰማ የማይችል፣ ካሴቱ ሲከፈት ተነሥቶ የሚወጣ እህት ወይም ወንድም አለ። አንዱ ሌላውን «ፍቅር የለህም» ብሎ አይፍረድበት። ሐዘን እንደየሰው ነው።

አሜሪካዊው ሙዚቀኛ አንደርሰን ፓክ እ.ኤ.አ. በ2021 ከሞተ በኋላ በስሙ ምንም አልበም ወይም ዘፈን እንዳይወጣ፣ የቀሩት ለሕዝብ ያልታሰቡ ሙከራዎች ብቻ እንደ ሆኑ በክንዱ ላይ ተነቀሰ። እኛ በክንዳችን መነቀስ አያስፈልገንም። ነገር ግን ሐሳቡ መልካም ነው፤ በሕይወት ሳሉ የተናገሩት ቃል፣ በኋላ የሚቀሩትን ከክርክር ያሳርፋል።

ባልና ሚስት ሆይ፣ በዚህ ሳምንት አንድ ምሽት ለይታችሁ እነዚህን ጥያቄዎች ተነጋገሩባቸው፦

1. ከደብዳቤዎቻችን፣ ከማስታወሻዎቻችንና በስልክ ከተቀዳው ድምፃችን ለልጆች እንዲቀር የምንፈልገው የትኛው ነው? ማንም እንዳያየው የምንፈልገውስ?

2. ጀምረን ያልጨረስነውን ሥራ እንዲጨርስልን የምናምነው ማንን ነው? ለዚያ ሰው ነግረነዋል?

3. ከእኛ በፊት ያለፉትን ወላጆቻችንን ስም እየጠራን፣ እነርሱ ያላሉትን ነገር ተናግረን እናውቃለን?

መልሳችሁን በወረቀት ላይ አስፍሩት። ቃላችሁን ራሳችሁ ተናግራችሁ ብትተዉት፣ ነገ ማንም ቆርጦ አይቀጥለውም።