ከዴልሂ ላሆር፦ በቀጥታ 420 ኪሎ ሜትር፣ በትኬት ከ4,000 በላይ

ስልካችሁ ላይ «ከዴልሂ ላሆር በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ነው?» ብላችሁ ብትፈልጉ መልሱ አጭር ነው፦ 420 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የአንድ ሰዓት በረራ። ከአዲስ አበባ ጎንደር እንደማለት ነው። ችግሩ በዚህ መስመር በቀጥታ የሚበር አውሮፕላን የለም።

መንገደኛው በሦስተኛ አገር መዞር አለበት። በዱባይ ከሄደ 2,200 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ይበራል፣ ትራንዚት ይጠብቃል፣ ከዚያ ወደ 2,000 ኪሎ ሜትር መልሶ ወደ ምሥራቅ ይበራል። የቀጥታው አሥር እጥፍ! አየር ላይ ብቻ ሰባት ሰዓት አካባቢ ነው፤ ጥበቃው አልተቆጠረም።

ሁሌም እንዲህ አልነበረም። በየካቲት 1991 ዓ.ም የዴልሂ–ላሆር አውቶቡስ ሲጀመር የያኔው የሕንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ቫጅፓዪ ራሳቸው ተሳፍረው ነው ድንበር የተሻገሩት። በነሐሴ 2011 በካሽሚር ጉዳይ አውቶቡሱም ባቡሩም ቆመ። የቀጥታ በረራውም የቀረው በዚያው ዓመት ነው።

ሚያዝያ 14/2017 በፓሃልጋም 26 ሰዎች ተገደሉ። ሕንድ ፓኪስታንን ተጠያቂ አደረገች፤ ፓኪስታን አስተባበለች። በሁለተኛው ቀን ፓኪስታን የአየር ክልሏን ለሕንድ አየር መንገዶች ዘጋች፣ ሕንድም ሚያዝያ 22 አጸፋውን መለሰች። ግንቦት 2 ተኩስ አቁም ሆነ፤ ሰማዩ ግን አልተከፈተም።

ማን ከሰረ? ሁለቱም። ኤር ኢንዲያ እገዳው ዓመት ከቆየ ወደ 600 ሚሊዮን ዶላር ተጨማሪ ወጪ እንደሚያስከትልበት ገምቷል። የፓኪስታን መንግሥት በበኩሉ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ገደማ ብቻ 4.1 ቢሊዮን ሩፒ እንዳጣ ለፓርላማው አሳውቋል፤ በክልሏ የሚያልፍ አውሮፕላን ይከፍላታላ! ኢንዲጎ ደግሞ በፓኪስታን በኩል ማለፍ ሲከለከል ታሽከንትና አልማቲ ከአውሮፕላኖቹ አቅም በላይ ስለራቁበት በረራውን አቋርጧል። እገዳው የሌሎች አገሮችን አየር መንገዶች ስለማይነካ ገበያው ለእነሱ ሆኗል።

እኛን ይበልጥ ያሳሰበን ግን የሕመምተኞቹ ነገር ነው። ለልብና ለጉበት ሕክምና ወደ ሕንድ የሚሄዱ ፓኪስታናውያን ነበሩ። ሕንድ ቪዛ ስትሰርዝ የሕክምና ቪዛ የያዙትን የታገሠቻቸው እስከ ሚያዝያ 21 ብቻ ነው። በድንበሩ ግራና ቀኝ የተከፋፈሉ ቤተሰቦችም አሉ። ቪዛ ለሌለው ሰው ደግሞ የዱባዩም መንገድ አይሠራም።

መዝጊያው በአንዴ ለዓመት የታወጀ አይደለም። በየወሩ ገደማ እየታደሰ ነው 2018ን የተሻገረው። ማስታወቂያው የሚወጣው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ወሩ 24 ከመድረሱ በፊት ባሉት ቀናት ነው፤ መከታተል ለምትፈልጉ ያኔ ዜናውን ጠብቁ።