የጤፍ ዱቄት ከሕጉ ውጭ ለምን ይቀራል?

ፅንስ በተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ የነርቭ ቱቦው ተዘግቶ ያበቃል። አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚያድጉት ከዚህ ቱቦ ነው። በዚያ ዕለት እናትየው የወር አበባዋ ቢዘገይባት ሁለት ሳምንት ቢሆን ነው፤ ብዙዎቹ እናቶች ማርገዛቸውንም ገና አላረጋገጡም። ቱቦው ከላይ በኩል ሳይዘጋ ከቀረ ሕፃኑ አንጎሉና የራስ ቅሉ ሳይሟላ ይወለዳል፤ በሕይወት ቢወለድም ከሰዓታት ወይም ከጥቂት ቀናት በላይ አይቆይም። ከታች በኩል ሳይዘጋ ከቀረ ደግሞ ስፓይና ቢፊዳ የሚባለው የጀርባ አጥንት ክፍተት ይፈጠራል። ከክፍተቱ ጋር የእግር ሽባነት፣ ሽንትን መቆጣጠር አለመቻልና በራስ ቅል ውስጥ ውሃ መቋጠር ሊከተሉ ይችላሉ። ውሃው በቀዶ ሕክምና በሚገባ ቀጭን ቱቦ እንዲፈስ ቢደረግም፣ ከነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ትኩረትን በመሰብሰብና ሥራን በቅደም ተከተል በማቀድ ረገድ ትምህርት ቤት ሲገቡ ይቸገራሉ። በአራተኛው ሳምንት የሆነው ነገር በሰባተኛው ዓመት ክፍል ውስጥ ይታያል።

የዚህ ጉዳት ምክንያት ሲፈለግ ጣት የሚቀሰረው ወደ እናቲቱ ነው። በሀገር ቤት እርግማን ይባላል፤ አንዳንዴም ኃጢአት። በስደት በሚኖረው ማኅበረሰብ ዘንድ ቃሉ ተለውጦ «የዘር ነው» ሲባል ይሰማል፤ የሳይንስ ልብስ የለበሰ ያው ወቀሳ ነው። ዘር ድርሻ የለውም ማለት አይደለም። ኤምቲኤችኤፍአር በተባለው ጂን ላይ ሰውነት ፎሌትን በሚገባ እንዳይጠቀም የሚያደርግ የታወቀ ልዩነት አለ፤ አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ፅንስ የፀነሰች ሴት እንደገና የሚገጥማት ዕድልም ከሌሎች ሴቶች ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ጥያቄው የዘር ድርሻ ዕጣ ፈንታ ነው ወይስ የሚለወጥ ነገር የሚለው ነው፤ ይህ ጥያቄ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1991 መልስ አግኝቷል።

በዚያ ዓመት የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ካውንስል በ7 አገሮች በሚገኙ 33 ማዕከላት ያካሄደው ሙከራ ውጤት ታተመ። በሙከራው የገቡት 1,817 ሴቶች ሁሉም ቀደም ሲል የነርቭ ቱቦ ጉዳት ያለበት ፅንስ የፀነሱ ናቸው። ማን ፎሊክ አሲድ እንደሚወስድ በዕጣ ተለየ። የእርግዝናቸው ውጤት ከታወቀው 1,195 ሴቶች መካከል ጉዳቱ በ27ቱ ላይ ተደገመ፤ 6ቱ ቫይታሚኑን ከወሰዱት ወገን፣ 21ዱ ካልወሰዱት ወገን ነበሩ። ልዩነቱ ግልጽ በመሆኑ ሙከራው ከታሰበው ጊዜ ቀድሞ እንዲቆም ተደረገ። ሁለቱም ወገኖች ለአደጋው የተጋለጡ ነበሩ፤ ዕጣውም በዘር አለየዋቸውም። ውጤቱን የለወጠው በየቀኑ የተዋጠ አንድ ክኒን ነው። በቀጣዩ ዓመት በሃንጋሪ የታተመ ሌላ ሙከራ ቀደም ያለ ጉዳት በሌላቸው ሴቶችም ላይ ተመሳሳይ ጥቅም እንዳለው አሳየ።

ክኒኑ ግን በጊዜው መድረስ አለበት፤ ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በአሜሪካ ከእርግዝናዎች ግማሽ ያህሉ ያልታቀዱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 በኢትዮጵያ የተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንዳመለከተው የመጀመሪያ የእርግዝና ክትትላቸውን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የጀመሩት እናቶች ከአምስት አንዷ ብቻ ናቸው። በአራተኛው ወር ጤና ጣቢያ ደርሳ የብረትና የፎሊክ አሲድ ክኒን የምትቀበል እናት ለደም ማነስ ይጠቅማታል፤ ለነርቭ ቱቦው ግን ጊዜው አልፏል። ስለዚህ ቫይታሚኑ ሴቲቱ ሳታስበው በየቀኑ ከምትበላው ምግብ ጋር መግባት ይኖርበታል።

አሜሪካ ይህንኑ አደረገች። ከጃንዋሪ 1998 ጀምሮ «የበለጸገ» ተብሎ በሚሸጥ ዱቄት ውስጥ በ100 ግራም 140 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ እንዲጨመር ታዘዘ። የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል እንደሚገምተው ትእዛዙ በየዓመቱ ወደ 1,300 የሚጠጉ ሕፃናትን ከዚህ ጉዳት አድኗል። ነገር ግን ሕጉን ያወጡት ሰዎች በዓይነ ኅሊናቸው ያዩት ገበታ ዳቦ፣ ፓስታና ሩዝ ያለበት ነበር። ቶርቲያ የሚጋገርበት የበቆሎ ማሳ ዱቄት ተረሳ፤ የላቲን አሜሪካ ተወላጅ በሆኑ እናቶች ዘንድም ጉዳቱ ከሌሎቹ ይልቅ በዝቶ ቀጠለ። የሕፃናት ጤና ድርጅቶችና አንድ ትልቅ የማሳ አምራች ሆነው እ.ኤ.አ. በ2012 ለምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ አቤቱታ አቀረቡ፤ ፈቃዱ የተገኘው በ2016 ነው። ፈቃድ ግን ግዴታ አይደለምና ብዙ አምራቾች ሳይጨምሩ ቀሩ። በመጨረሻም በሙያው ሐኪም የሆነው የካሊፎርኒያ የምክር ቤት አባል ኹዋኪን አራምቡላ ያቀረበው ረቂቅ በ2024 ሕግ ሆነ፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮም በግዛቲቱ የሚሸጥ የማሳ ዱቄት ፎሊክ አሲድ እንዲኖረው አስገደደ።

ጤፍ ዛሬ ያለው ማሳ ከ2016 በፊት በነበረበት ቦታ ነው። የፌዴራሉ ደንብ ፎሊክ አሲድ የሚጨመርባቸውን ምግቦች ለይቶ ይዘረዝራል፤ የጤፍ ዱቄት በዝርዝሩ የለም። በመሆኑም በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሚኒያፖሊስ ወይም በዴንቨር ቤተሰቦች የሚገዙትን የጤፍ ዱቄት የሚያዘጋጅ ነጋዴ በራሱ በጎ ፈቃድ ቫይታሚኑን ልጨምር ቢል እንኳ ደንቡ አይፈቅድለትም። ጤፍ በብረትና በካልሲየም መመስገኑ ተገቢ ነው፤ ይህ ምስጋና ግን ብዙዎችን አዘናግቷል። በእህል ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኝ ፎሌት በሙቀት ይቀንሳል፤ ወደ ሰውነት የሚገባውም ከተሠራው ፎሊክ አሲድ ባነሰ መጠን ነው። ጠዋትና ማታ እንጀራ የምትበላ፣ ዳቦም እምብዛም የማትነካ ወጣት ሴት እ.ኤ.አ. ከ1998 ወዲህ ጎረቤቷ የምታገኘውን ጥበቃ አታገኝም።

በአውሮፓ ያለው ሁኔታ ከዚህ የባሰ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ አባል አገሮቹን በዱቄት ላይ ፎሊክ አሲድ እንዲጨምሩ አያስገድድም። የ1991ን ሙከራ የመራችው ብሪታንያ ራሷ ውሳኔውን ያስታወቀችው በ2021 ነው፤ ግዴታው ሥራ ላይ የሚውለውም በ2026 መጨረሻ፣ ያውም ሙሉ ስንዴ ባልሆነ የስንዴ ዱቄት ላይ ብቻ ነው። ማስረጃው ከተገኘ ሠላሳ አምስት ዓመት መሆኑ ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ኩዌትና ኦማን ቀድመዋል።

ለመዘግየቱ የቀረበው ዋና መከራከሪያ ተራ ሰበብ አይደለም። ፎሊክ አሲድ ሲበዛ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት በደም ምርመራ እንዳይታይ ሊሸፍን ይችላል የሚል ነው፤ ለዚህ ማኅበረሰብ ደግሞ ነገሩ ቀላል አይደለም። ቢ12 በተፈጥሮ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ከመሳሰሉት የእንስሳት ተዋጽኦዎች ነው፤ አጥባቂ ኦርቶዶክሳዊ ምእመን ግን ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን በጾም ያሳልፋል። ይህ ስጋት የሚጠይቀው ሁለቱ ቫይታሚኖች አብረው እንዲጨመሩና መጠኑ እንዲወሰን ነው እንጂ ሥራው እንዲቀር አይደለም። ነፍሰ ጡርን ከጾም ነፃ የሚያደርግ ልማድ መኖሩም ችግሩን አይፈታም፤ በአራተኛው ሳምንት ነፍሰ ጡር መሆኗን የሚያውቅ የለምና።

በሀገር ቤት ጉዳቱ ከዚህ ሁሉ ይከፋል። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የተካሄዱ ጥናቶች ከ10,000 ወሊዶች ከ100 በላይ ያጋጠመባቸውን ቦታዎች መዝግበዋል። በአሜሪካ ቁጥሩ በአንድ አኃዝ ነው የሚቆጠረው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2022 የስንዴ ዱቄት በንጥረ ነገሮች እንዲበለጽግ የሚያስገድድ ደረጃ ማውጣቱ የሚመሰገን ነው። ሆኖም ደረጃው የሚደርሰው ከፋብሪካ የወጣ ዱቄት ለሚገዛ ከተሜ ነው። ጤፏን፣ ማሽላዋን ወይም በቆሎዋን በሰፈር ወፍጮ የምታስፈጭ የገጠር ሴት ከዚህ ውጭ ናት። እሷም የምትገዛው ነገር ጨው ነው። ጨው አዮዲን እንዲኖረው እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ደንብ መንገዱን ጠርጎታል፤ የአገሪቱ ጨው በአብዛኛው የሚወጣውም በአፋር ከአፍዴራ ስለሆነ መቆጣጠሪያው ነጥብ አንድ አካባቢ ነው። በአዮዲኑ ላይ ፎሊክ አሲድን መጨመር አዲስ ሥርዓት መዘርጋትን አይጠይቅም፤ ያለውን ማስፋት ነው። የዓለም ጤና ጉባኤም በሜይ 2023 አባል አገሮች ይህን የመሰለ እርምጃ እንዲያፋጥኑ የሚያሳስብ ውሳኔ አሳልፏል፤ ኢትዮጵያን በሥነ ምግብ የሚደግፉ ለጋሽ መንግሥታት በጀታቸውን በዚህ ውሳኔ ሊመዝኑት ይገባል።

በአሜሪካ ደግሞ መነሻው የታወቀ ነው። የማሳው አቤቱታ የጉዳቱን ስፋት፣ የአመጋገብ ጥናትና የአምራች ድጋፍ አንድ ላይ ይዞ ነበር የቀረበው። ከእነዚህ መካከል ለጤፍ እስካሁን የጎደለው የመጀመሪያው ነው፤ የግዛት የወሊድ ጉዳት መዝገቦች ትውልደ ኢትዮጵያና ኤርትራ እናቶችን «ጥቁር» በሚለው ሰፊ ክፍል ውስጥ ቆጥረው ያልፏቸዋልና። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው የሚኒሶታ፣ የሜሪላንድ፣ የቨርጂኒያና የኮሎራዶ ሕግ አውጪዎች የእናት የትውልድ አገር ተለይቶ እንዲዘገብ ለግዛቶቻቸው የጤና መምሪያዎች በደብዳቤ መጠየቅ ይችላሉ። ለዚህ አዲስ ሕግ አያስፈልግም፤ የትውልድ አገሩ በልደት ምዝገባው ቅጽ ላይ አስቀድሞ ይሞላል።