ውሃ መውጫ ሲያጣ

በተጎታች ላይ የሚገጠም የኤሌክትሪክ ዊንች በባትሪ ኃይል ከበሮውን እያሽከረከረ ገመድ የሚጠቀልል፣ የማይነሳ መኪናን ወይም ከባድ ዕቃን ወደ ተጎታቹ ወለል ስቦ የሚያወጣ መሣሪያ ሲሆን፣ ገዢዎች ሲመርጡት አስቀድመው የሚያዩት በካርቶኑ ላይ በትልቁ የታተመውን የመሳብ አቅም ነው። ይህ ልማድ ገንዘብን አላግባብ ያስወጣል፤ ምክንያቱም የዊንችን ዕድሜ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳጥረው የጭነቱ ክብደት ሳይሆን፣ መሣሪያው ሥራ ፈትቶ ዝናብ ላይ የሚቆምባቸው ወራት ናቸው።

ስለ አቅም የሚደረገው ስሌት ቀላል ነው። 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በ15 ዲግሪ ተዳፋት ላይ ሲሳብ፣ ወደ ኋላ የሚጎትተው የስበት ኃይል ከ390 ኪሎ ግራም ክብደት ጋር የሚስተካከል ነው፤ ጎማዎቹ ተቆልፈው በደረቅ ወለል ላይ የሚንሸራተቱ ቢሆን እንኳ የሚያስፈልገው ኃይል 1,400 ኪሎ ግራም አካባቢ ይሆናል። በካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ገመዱ በከበሮው ላይ አንድ ንብርብር ብቻ ሆኖ ሳለ ያለውን አቅም የሚገልጽና ገመዱ በተደራረበ ቁጥር የሚቀንስ ቢሆንም፣ 2,300 ኪሎ ግራም የሚስብ መካከለኛ ዊንች ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ይበቃል።

አቅሙ ከታወቀ በኋላ የሚነሳው ጥያቄ ኃይሉ የት ያርፋል የሚለው ነው። አንድ ቶን የሚስብ ዊንች የዚያኑ ያህል ኃይል በራሱ መቀመጫ ላይ ስለሚያሳርፍ፣ በወለሉ ጣውላ ወይም በስስ ላሜራ ላይ ከታሰረ ከጭነቱ በፊት ተነቅሎ የሚወጣው እሱ ይሆናል። ስለዚህ መቀመጫው 6 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ብረት ሆኖ ከተጎታቹ ዋና ሻንሲ ጋር መያያዝ፣ ብሎኖቹም 8.8 የሚል ምልክት ያላቸው መሆን ይኖርባቸዋል፤ ይህ ምልክት ብረቱ ከመበጠሱ በፊት በካሬ ሚሊ ሜትር 800 ኒውተን ያህል ኃይል እንደሚችል የሚያመለክት ነው። ከበሮው በተጎታቹ መካከለኛ መስመር ላይ ካልዋለ ደግሞ ገመዱ በአንድ ወገን እየተከመረ ይጠላለፋል።

ከአገጣጠሙ ይልቅ ብዙ ስህተት የሚፈጸመው በኤሌክትሪኩ መሥመር ላይ ነው። በ12 ቮልት የሚሠራ ዊንች ሲከብደው 200 አምፔር ወይም ከዚያ በላይ ኮረንት ይስባል። ከጎታቹ መኪና ባትሪ እስከ ተጎታቹ ድረስ ደርሶ መልስ 10 ሜትር የሚሆን የመዳብ ኬብል ቢዘረጋና ስፋቱ 16 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ከ12ቱ ቮልት 2.2 ያህሉ መንገድ ላይ ይቀራል፤ በ35 ካሬ ሚሊ ሜትር ኬብል ግን የሚባክነው አንድ ቮልት ብቻ ነው። ከዚህ የተሻለው መፍትሔ ለዊንቹ የራሱን ባትሪ አጠገቡ ማስቀመጥ ነው። 200 አምፔር ለሦስት ደቂቃ ቢሳብ ከባትሪው የሚወጣው 10 አምፔር ሰዓት ብቻ ስለሆነ፣ ከመኪናው የሚመጣ ቀጭን የቻርጅ ሽቦ በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ጉዞ ሊተካው ይችላል፤ ፊውዙ ግን ከባትሪው አጠገብ መቀመጥ አለበት።

የውሃው ጉዳት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በመጋጠሚያው ላይ የሰፈረ አረንጓዴ የመዳብ ዝገት የአንድ ኦም አምስት ሺኛ የሚሆን እንቅፋት ቢፈጥር፣ በ200 አምፔር ጊዜ ያቺው አንዲት መጋጠሚያ 200 ዋት ሙቀት ታመነጫለች። ቮልቴጁ ሲወርድም ኮንታክተሩ፣ ማለትም በትንሽ ኮረንት እየታዘዘ ትልቁን ኮረንት የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው ማብሪያ፣ እየተንቀጠቀጠ ሊጣበቅ ይችላል፤ ያን ጊዜ ጣት ከመቆጣጠሪያው ላይ ቢነሳም ዊንቹ መሳቡን አያቆምም። በእጅ የሚዘጋ ዋና ማብሪያ የግድ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ብዙ ባለቤቶች ለዚህ ችግር መልስ አድርገው የሚወስዱት ሁሉን ቀዳዳ በሲሊኮን መድፈን ነው። መድፈኑ ግን የታሰበውን አያደርግም፤ ሲሠራ የሞቀ ሞተር ሌሊት ሲቀዘቅዝ እርጥብ አየር በየስንጥቁ ወደ ውስጥ ስለሚስብ፣ እርጥበቱ ወደ ጠብታ ተለውጦ መውጫ ያጣል። አይፒ67 የተባለው ምልክትም መሣሪያው አቧራ እንደማያስገባና አንድ ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ቢቆይ ጉዳት እንደማይደርስበት ይመሰክራል እንጂ፣ ለዓመታት በዝናብና በፀሐይ ስለ መቆየቱ የሚለው ነገር የለም። በክረምት ቤት የሚጠበቀው ጣሪያው አዘንብሎ፣ አሸንዳው ውሃውን ተቀብሎ ስለሚያወርደው ነው፤ የዊንችም ጥበቃ በዚሁ መንገድ ሊታሰብ ይገባል። ሞተሩ የማፍሰሻ ቀዳዳ ካለው ቀዳዳው ወደ ታች እንዲያይ ይደረጋል፤ ኬብሉ ወደ ሳጥኑ ከመግባቱ በፊት እንደ አንገት ሐብል ረገብ ይላል፣ በላዩ የሚወርደው ጠብታም ከረገበው ሥፍራ ተንጠባጥቦ ይቀራል እንጂ ወደ ሳጥኑ አይዘልቅም። የባትሪው ሳጥን ባትሪው ቻርጅ ሲደረግ የሚያወጣው ሃይድሮጅን እንዳይጠራቀም አየር ማስተላለፊያ ይኖረዋል፤ የባትሪው ሞርሴቶዎችም ከጠበቁ በኋላ ግራሶ ወይም ቫዝሊን ይቀባሉ። የሸራ ልብሱ ከላይ ይሸፍናል እንጂ ከታች አይታሰርም። ይህ ጥንቃቄ በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው በሚበተንባቸው የሰሜን አሜሪካ ከተሞች በይበልጥ ያስፈልጋል፤ ጨዋማ ውሃ ዝገትን ያፋጥናልና።

ዊንች ለመግዛት ያሰበ ሰው እንግዲህ ለትልቁ ቁጥር ሊከፍል ካሰበው ገንዘብ ቀንሶ በወፍራም ኬብል፣ በጥሩ መጋጠሚያና በዋና ማብሪያ ላይ ቢያውለው የተሻለ ነው። ከተገጠመም በኋላ በወር አንድ ጊዜ ገመዱን ዘርግቶ፣ አምስት ዙር ያህሉን ከበሮው ላይ አስቀርቶ፣ ቀላል ጭነት እያሳበ መልሶ ይጠቅልለው፤ ሞተሩ ሲሞቅ እርጥበቱ ይተናል፣ የላላ ብሎንም የሚገኘው ያን ጊዜ ነው። ይህ ሩብ ሰዓት አይፈጅም።