ባለዋሽንቱ እረኛና የጎጃም ጆሮ

በጮቄ ተራራ ሥር፣ ከስናን እስከ ማቻክል በተዘረጋው ደጋ ተወልዶ ያደገ ሰው የዋሽንት ድምፅ በሰማ ጊዜ ደራሲው ማን ነው ብሎ አይጠይቅም፤ እረኛው ከታላቅ ወንድሙ የሰማውን ዜማ በራሱ ትንፋሽ ሲያረዝመውና ሲያሳጥረው ዜማው የሁሉም ሆኖ የማንም ሳይሆን ይኖራልና። ስለዚህ ከዛሬ ስድሳ ዓመት ገደማ በፊት አንድ ኢትዮጵያዊ ሊቅ ያንኑ የእረኛ ዜማ መነሻ አድርጎ፣ በአውሮፓውያን የኖታ ሥርዓት ጽፎና «ባለዋሽንቱ እረኛ» የሚል ስም ሰጥቶ፣ የራሱ ድርሰት አድርጎ ለዓለም ማቅረቡ ለደጋችን ሰው እንግዳ ነገር ቢመስለው አያስደንቅም። ሊቁ ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ ናቸው፤ እኔም በዚህ ሳምንት ስለ እርሳቸው መጻፍ የወደድሁት ስማቸው በአዲስ አበባና በባሕር ማዶ ሲጠራ፣ ዜማው በሚኖርበት በዚህ አገር ግን እምብዛም ሲነሣ ስለማልሰማ ነው።

ፕሮፌሰር አሸናፊ እ.ኤ.አ. በ1938 በአዲስ አበባ ተወለዱ። በአሜሪካ በሮቼስተር ከተማ በሚገኘው በኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረው ከተመለሱ በኋላ በቅዱስ ያሬድ ስም የሚጠራውን የሙዚቃ ትምህርት ቤት በመመሥረት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ። በ1971 በዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ ባቀረቡት ጥናት የዶክትሬት ማዕርግ አገኙ፤ በ1982 የጥቁር ሕዝቦችን ሙዚቃ ሥረ መሠረት የሚመረምር መጽሐፍ አሳተሙ፤ በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲም ብዙ ዘመን አስተምረው በ1998 ዐረፉ። ከዚህ ሁሉ መካከል የእኔን ኅሊና የሚይዘው ግን የ1967ቱ ነገር ነው፤ በዚያ ዓመት በቡዳፔስት የሃንጋሪን መንግሥት ኦርኬስትራ እየመሩ የራሳቸውን ድርሰት አሰሙ።

ስለ ሃንጋሪ ጥቂት ልበል። ቤላ ባርቶክና ዞልታን ኮዳይ የተባሉት ሁለቱ የዚያ አገር ሊቃውንት፣ ከሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ጀምሮ ፎኖግራፍ ተሸክመው ከመንደር ወደ መንደር እየዞሩ የገበሬውን ዜማ ሰብስበው ነበር፤ የጥንቱ የሃንጋሪ ገበሬ ዜማም እንደ እኛው በአምስት ድምፅ የቆመ ሆኖ አገኙት። የገበሬን ዜማ ለትልቅ ኦርኬስትራ ማብቃት ውርደት ሳይሆን ክብር መሆኑን አስቀድሞ ያወቀ ሕዝብ፣ ከኢትዮጵያ ደጋ የመጣውን እረኛ ለማስተናገድ የተዘጋጀ ጆሮ ነበረው ማለት ነው። ፕሮፌሰር አሸናፊም ይህን የዝምድና ነገር በጥልቅ የተረዱ ይመስለኛል፤ ኮቶ የተባለውን የጃፓን ባለአውታር መሣሪያ ከአውሮፓ መሣሪያዎች ጋር አጣምረው «ኮቱራዢያ» የተባለውን ድርሰት ማዘጋጀታቸው ለዚህ ምስክር ነው። ሥራው ላይ ላዩን ለሚመለከተው የእንግዳ ነገር ፍቅር ብቻ ሊመስለው ይችላል፤ ነገር ግን የአምባሰልን ቅኝት በክራር ገርፎ የሚያውቅ ሰው፣ ጃፓኖች ከሚወዷቸው ቅኝቶች አንዱ የድምፆቹ ርቀት ከአምባሰል ጋር አንድ መሆኑን ሲሰማ ይደነቃል።

አሁን ወደ ዋናው አሳቤ ልግባ። የጎጃም ሊቃውንት ስለ ተጻፈ ዜማ ከማንም የሚማሩት ነገር የለም። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ሠሯቸው የሚባሉት ምልክቶች፣ ይዘቱና ደረቱ፣ ርክርኩና ጭረቱ፣ ድፋቱና ቅናቱ፣ ዛሬም በየድጓ ቤቱ ከፊደሉ በላይ ሰፍረው ይነበባሉ። ይሁን እንጂ ማንም የድጓ ተማሪ መጽሐፉን ብቻ ይዞ ከመምህሩ እግር ሥር ሳይቀመጥ ግእዙን፣ ዕዝሉንና አራራዩን አሳክቶ ሊያዜም አይችልም፤ ምልክቱ የሰማውን ያስታውሰዋል እንጂ ያልሰማውን አያሰማውምና። የአውሮፓውያን ኖታ የድምፁን ከፍታና ርዝመት በበለጠ ጥንቃቄ ይወስናል፤ ቢሆንም ከዚህ ሕግ ፈጽሞ ነጻ አይደለም።

እስቲ ዋሽንትን እንመልከት። ከሸምበቆ ወይም ከቀርከሃ የተቈረጠው ይህ መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ አራት ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው፤ አንዱ ዋሽንት ለሁሉም የድምፅ ከፍታ ስለማይበቃም ዐዋቂው ነፊ ረጅምና አጭር የሆኑ ብዙ ዋሽንቶች ይዞ ይዞራል። ነገር ግን በእነዚህ አራት ቀዳዳዎች ላይ ጣቱን በግማሽ እየከፈተ፣ ትንፋሹን እያጠነከረና እያላላ፣ በሁለት ድምፆች መካከል ያለውን ስም የለሽ ቦታ ሁሉ ይዳስሳል። የአውሮፓው ፍሉት በብረት ቁልፎች የተሠራ ስለሆነ እያንዳንዱን ድምፅ ለይቶና አጥርቶ ያወጣል፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ግን ነፊው አስቀድሞ ካልሰማው አያወጣውም። «ባለዋሽንቱ እረኛ» በወረቀት ላይ ሲታይ ምሉእ ድርሰት ነው፤ ነፍሱ ግን እረኛ በሰማ ሰው ትንፋሽ ውስጥ ነው ያለችው።

ኖታውን አንብቦ የሚጫወተው ባለሙያ በኮንሰርቫቶሪ ያለ ሰው ነው፤ ስም የለሹን ቦታ የሚያውቀው ጆሮ ደግሞ በረቡዕ ገበያና በደብረ ኤልያስ መንገድ ላይ ከከብት ኋላ ይሄዳል። ሁለቱ አልተገናኙም።

የአገራችን ዜማ በአውሮፓ የድምፅ ስምምነት ሲታጀብ ለዛውን ያጣል የሚሉ ሰዎች እንዳሉ ዐውቃለሁ፤ ከዚህም አሳብ እኩሌታውን እቀበላለሁ። በተለይ ፒያኖ ትንፋሽ የሌለው ስለሆነ ፈተናው ይብስበታል። ይሁን እንጂ በቅዱስ ያሬድ ትምህርት ቤትና በሶፊያ ኮንሰርቫቶሪ የተማረው ፒያኒስቱ ግርማ ይፍራሸዋ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው «ፍቅርና ሰላም» በተባለው አልበሙ ውስጥ አምባሰልንና ዋሽንት የያዘውን እረኛ ሲጫወት የሰማ ሰው፣ ክርክሩን እንደ ገና ለመመርመር ይገደዳል። በነገራችን ላይ ፕሮፌሰር አሸናፊ ቡዳፔስት ላይ በቆሙበት በ1967 እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የመጀመሪያ የፒያኖ ሸክላቸውን በጀርመን አሳትመዋል፤ የእርሳቸው ሥራ በሸክላ ስለቀረ የገዛ እጃቸውን እየሰማን እንፈርዳለን። በኖታ የሚኖር ደራሲ ግን በየጊዜው የሚጫወትለት ሰው ይፈልጋል፤ የሚጫወትለት ባጣ ቀን ሥራው የመዝገብ ቤት ሰነድ ብቻ ይሆናል።

እንግዲህ የምመኘው ነገር ወጪው ብዙ አይደለም። ከአዲስ አበባ ጥቂት የያሬድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ኖታቸውን ይዘው ወደ ደብረ ማርቆስ ይምጡ፤ በዩኒቨርሲቲው አዳራሽም ይሁን በከተማው ሌላ ስፍራ «ባለዋሽንቱ እረኛ» ይጫወቱ፤ ከዚያ በፊት ግን አንድ ሳምንት ያህል ፍሉት ነፊው ከስናን ከመጣ ዋሽንት ነፊ አጠገብ ተቀምጦ ይስማ፣ የሚሰማውንም በኖታው ጠርዝ ላይ በእርሳስ ይጻፍ። አንድ የድጓ መምህርም ቢጋበዙ መልካም ነው፤ ርክርክ የሚገባበትን ቦታ ከእርሳቸው የተሻለ የሚያሳይ አይገኝም። ወራቱ ጥቅምት ቢሆን እመርጣለሁ፤ መንገዱም ይደርቃል፣ እረኞቹም ከከብቶቻቸው ጋር ሜዳ ላይ ይውላሉ።