ሶኬት ከመጨመራችን በፊት

መቂ ውስጥ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች በማቅረብ ሦስት ልጆቿን የምታሳድግ ጎረቤት አለችኝ። ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን ማለዳ መጥታ «እስቲ ነዪና አንድ ነገር እዪልኝ» አለችኝ። ተከትያት ገባሁ። ከምጣዷ ሥር የተቀመጠው ዲቫይደር ቀልጦ ከወለሉ ጋር ተጣብቋል። እርሱ የተሰካበት የግድግዳ ሶኬትም ዙሪያው ጠቁሯል። ከዚያው ግድግዳ ጀርባ የትንሹ ልጇ አልጋ አለ።

የሠፈሩን የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አስጠርታው ኖሮ፣ ወጣቱ ወደ ጣሪያው እያመለከተ «እትዬ፣ ችግር የለም፤ ከአምፖሉ መስመር ጠልፌ በአንድ ሰዓት ውስጥ አዲስ ሶኬት አበጅልዎታለሁ» ብሏታል። የጠየቃት ገንዘብም ትንሽ ነበር። «ላሠራው ወይስ ይቅርብኝ?» ስትል ጠየቀችኝ። ጥያቄው የእርሷ ብቻ ስላልሆነ በሙያው ረጅም ዘመን የሠሩ አንድ ባለሙያ አነጋገርሁ። «ሶኬት በር ነው፤ በር ብታበዢ መንገዱ አይሰፋም» አሉኝ።

ነገሩን በቁጥር እንየው። በአገራችን ቤቶች የሚገባው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። አንድ የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይወስዳል፤ ይህም ለ220 ሲካፈል 16 አምፔር ገደማ ይሆናል። የአምፖል መስመር ብዙውን ጊዜ የሚዘረጋው በቀጭኑ ባለ 1.5 ሽቦ ሲሆን፣ 10 አምፔር በሚችል ብሬከር ይጠበቃል። የሶኬት መስመር ደግሞ በባለ 2.5 ሽቦና በ16 አምፔር ብሬከር ይሠራል። እንግዲህ ምጣዱ ብቻውን የአንድ ሶኬት መስመርን አቅም ይጨርሳል ማለት ነው። ከአምፖል መስመር ቢጠለፍማ ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ሆኖ ይግላል። በሽቦ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ እንደሚሆን መዘንጋት አይገባም።

ይህ ልክ ከትልቁም ምንጭ ዘንድ አለ። ከመቂ ወደ ሞጆ ስንጓዝ የምናልፈው የቆቃ ሐይቅ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ ያጠራቀመው ውኃ ነው። የግድቡ ኃይል ማመንጫ 43.2 ሜጋ ዋት የማምረት አቅም ነበረው። ይህ ሁሉ ሲካፈል በአንድ ጊዜ ሊያግል የሚችለው 12 ሺህ ያህል ምጣዶችን ብቻ ነው። ግድብ ልክ ካለው፣ የግድግዳችን ቀጭን ሽቦማ እንዴት ልክ አይኖረውም?

ይህ ሲባል ግን ሶኬት መጨመር ክልክል ነው ማለት አይደለም። ለቴሌቪዥን፣ ለስልክ መሙያ ወይም ለጥናት መብራት የሚሆን ሶኬት ከነባሩ የሶኬት መስመር ሊቀጠል ይችላል። ይህን ስናሠራ የሚከተሉትን ብንከታተል ይበጃል።

አንደኛ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ዋናው ማጥፊያ ይጥፋ፤ ሽቦው ባዶ መሆኑም በቴስተር ይረጋገጥ፤ ማንም ሰው መልሶ እንዳያበራውም ለቤተሰቡ ሁሉ ይነገር።

ሁለተኛ፣ አዲሱ ሽቦ ከነባሩ የቀጠነ አይሁን። ቁጥሩም ሦስት ይሁን፦ ፌዝ፣ ኒውትራልና ወደ መሬት የሚወርደው አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ያለው ሽቦ። በተለይ ሊጥ በነካው እርጥብ እጅ ለምንሠራ ሴቶች ይህ ሦስተኛው ሽቦ የሕይወት ዋስትና ነው።

ሦስተኛ፣ ሽቦ ከሽቦ ጋር ተጠማዝዞ በፕላስተር ብቻ አይጠቅለል። በብሎን በሚጠብቅ ማያያዣ ተያይዞ በክዳን ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ። በጭድና በጭቃ በተመረገ የእንጨት ቤት ደግሞ ሽቦው በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ይለፍ።

አራተኛ፣ ብሬከሩ እየደጋገመ ቢወርድ በትልቅ ብሬከር አይተካ፤ በተቃጠለ ፊውዝ ፈንታም የመዳብ ክር አይጠምጠም። ይህ «ቤቱ እየተቃጠለ ነው» ብሎ የሚጮኸውን ዘበኛ አፍ እንደ መያዝ ይቆጠራል።

ምጣድ ግን ከማከፋፈያው ሣጥን የሚነሣ የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከርና ቢያንስ ባለ 4 ሽቦ ያስፈልገዋል። በእርግጥ ወጪው ከፍ ይላል። ቤቱ የኪራይ ከሆነም የአከራዩን ፈቃድ ይጠይቃል።

ጎረቤቴን ያስጨነቃት ይኸው ነበር። አከራይዋን ስታነጋግር በመጀመሪያ «ቤቱ እስከ ዛሬ ምን ሆነ?» ብለዋት ነበር። የጠቆረውን ሶኬት ነቅላ ከእጃቸው ላይ ስታስቀምጥላቸው ግን ዝም አሉ፤ የሽቦውን ዋጋ በግማሽ ለመክፈልም ተስማሙ። ቀሪውን ከዕቁቧ ልትከፍል ወስናለች። የዕቁቡ ተራ እስኪደርሳት ድረስ በእንጨት ትጋግራለች፤ ጭሱ ዓይኗን ቢያቃጥላትም፣ «ልጄ ከግድግዳው ወዲያ ተኝቶ እኔ በዚህ ስጋግር እንቅልፍ አይወስደኝም» ብላኛለች።

እናንተም ዛሬ ማታ ከምግብ በኋላ ምጣዱን ወይም ምድጃውን አጥፉና የሶኬቱን ክዳን በደረቅ እጃችሁ ጀርባ ዳስሱት። ትኩስ ከሆነ፣ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ከሸተተ፣ ወይም ከጠቆረ በዚያ ሶኬት መጠቀም አቁሙና ባለሙያ ጥሩ። ባለሙያውም ሲመጣ «ሶኬቱ የት ይሁን?» ከማለታችሁ በፊት «ከኋላው ያለው ሽቦ ስንት ይችላል?» ብላችሁ ጠይቁት።